በውሰት የመጣ ወንድ ፓይተን ከሴቶቼ ጋር ባገናኘው በሽታ ያዛምትብኛል?

ጥያቄ፦ «ስድስት ሴትና አንድ ወንድ ቦል ፓይተን የሚባሉ እባቦች አሉኝ። ዘንድሮ ላራባቸው አስቤ አንድ የማውቀው አርቢ ቀለሙ ብርቅ የሆነ ወንድ ሊያውሰኝ ተስማምቷል። ወንዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ታሞ አያውቅም፣ በደንብም ይበላል። ሰውዬው ከፓይተኖቹ ሌላ ቦአ የሚባሉ እባቦችም አሉት። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ወንዱን የእኔ እባቦች ባሉበት ክፍል በተለየ ሳጥን 30 ቀን አቆየዋለሁ። ከዚያ በአዮዲን አጥቤው፣ ለጥንቃቄም አንቲባዮቲክ አስወግቼው፣ ከእያንዳንዷ ሴት ጋር በሦስት ሦስት ቀን ልዩነት እያገናኘሁ ስድስቱንም አዳርሰዋለሁ። ዓምና አንዲት ሴት አፏ በንፍጥ እየተሞላ ቆይታ ሞታብኛለች፤ ሳጥኗን አጥቤ ለሌላ እባብ እየተጠቀምኩበት ነው። ይህ ጥንቃቄ ይበቃል? ከፀረ ተሕዋስያኑስ የትኛው ይሻላል?»

ምላሽ፦ አይበቃም። ያሰቧቸው ጥንቃቄዎች በሙሉ የሚያተኩሩት በወንዱ ቆዳና በውጭ በሚታይ ምልክት ላይ ነው። በርቢ ወቅት ስብስብን የሚጨርሱት በሽታዎች ግን ጉሮሮ፣ ደምና ጨጓራ ውስጥ ተቀምጠው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ምንም ሳያሳዩ የሚቆዩ ናቸው። ምክሬን አስቀድሜ ልናገር፦ ወንዱን ዘንድሮ አይዋሱት። በምትኩ የራስዎን ሰባት እባቦች ያስመርምሩ፤ ነፃ መሆናቸው ከተረጋገጠ የራስዎን ወንድ ቢበዛ ከሦስት ሴቶች ጋር ብቻ ያገናኙ። ምክንያቱን ቀጥዬ እዘረዝራለሁ።

ከወንዱ በፊት መታየት ያለባት ዓምና የሞተችው ሴት ናት። ጥያቄዎ አደጋው ከውጭ ብቻ እንደሚመጣ ቆጥሮ የተነሣ ነው፤ እኔን ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ ቤትዎ ውስጥ ያለው ነው። ቦል ፓይተን አፉ በወፍራም ንፍጥ ሲሞላ፣ ድዱ ሲቀላ፣ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ወይም ሲተነፍስ ሲያፏጭ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰርፐንቶቫይረስ የሚባለው ቫይረስ ነው። በቦል ፓይተኖች ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ብዙ አርቢዎች አሁንም ምልክቱን እንደ ተራ የሳንባ ምች ቆጥረው በአንቲባዮቲክ ያክሙታል። እባቡ ለጥቂት ሳምንታት ሻል ይለውና ይመለስበታል፤ መድኃኒቱ የገደለው ቫይረሱ ባቆሰለው ሳንባ ላይ ተደርበው የገቡትን ባክቴሪያዎች ብቻ ነውና። እርግጥ ቀዝቃዛና እርጥብ ሳጥን ብቻውን የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ሬሳዋ ስላልተመረመረ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አሁን መለየት አይቻልም። ስለማይቻልም አብረዋት የኖሩት ሁሉ እስኪመረመሩ ድረስ ተጠርጣሪ ናቸው። ወንዱን ቢዋሱት ኖሮ በሽታውን የሚይዘው እሱ ሆኖ ወደ ባለቤቱ ቤት ይዞት ሊመለስ ይችል ነበር።

«ታሞ አያውቅም፣ በደንብ ይበላል» የሚለው ማስረጃ አይደለም። በሰርፐንቶቫይረስ የተያዘ ፓይተን እየበላ፣ ቆዳውን በወቅቱ እየጣለ፣ ክብደት እየጨመረም ቫይረሱን በምራቁ ሊረጭ ይችላል። የሰውዬው ቦአዎች ነገሩን ያከብዱታል። በቦአዎችና በፓይተኖች ላይ የሚደርስ ኢንክሉዥን ቦዲ የሚባል በሽታ አለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቢታወቅም መንስኤው ሬፕታሬናቫይረስ መሆኑ የተደረሰበት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ቦአ ይህን ቫይረስ ተሸክሞ ለዓመታት ጤነኛ መስሎ ይኖራል። ፓይተን ላይ ሲያርፍ ግን አካሄዱ ፈጣን ነው፦ ጭንቅላት ይንቀጠቀጣል ወይም ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ በጀርባው ሲገለበጥ መቃናት ያቅተዋል፣ ብዙውን ጊዜም ይሞታል። ስለዚህ ቦአና ፓይተን በአንድ ክፍል፣ በአንድ መንጠቆና በአንድ መቆንጠጫ ከሚያዙበት ቤት የወጣ ፓይተን ሁሉ ሳይመረመር ከሌላ እባብ ጋር መገናኘት የለበትም። ለሁለቱም በሽታዎች ክትባት የለም፣ ቫይረሱን ከሰውነት የሚያጠፋ መድኃኒትም የለም።

ርቢ ለምን ከሌላው ጊዜ የባሰ እንደሚሆን ልብ ይበሉ። ወንዱ በሴቷ ጀርባ ላይ እየተሳበ፣ ምላሱን እያወጣ እያስገባ፣ በጭራው ሥር ባሉት ጥፍሮች እየቧጨራት ሰዓታት ያሳልፋል። ጭራቸው ተቆላልፎ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ የውሃ ሳሕን፣ አንድ መደበቂያ፣ አንድ ንጣፍ ይጋራሉ። በዚያ ላይ አርቢው ራሱ የሌሊቱን ሙቀት ወደ 24 ወይም 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያወርዳል። የእባብ ሰውነት በሽታን የመከላከል ኃይሉ ከሙቀት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ስለሆነ፣ ቅዝቃዜው ተደብቆ የነበረውን ኢንፌክሽን ያነቃቃዋል። ወንዱ ለወራት ምግብ ይተዋል፣ ሴቷም እንቁላል ስትይዝ መብላት ታቆማለች። ንክኪው ከዓመቱ ሁሉ የሚበረታበት ወቅትና ሰውነት ከዓመቱ ሁሉ የሚደክምበት ወቅት አንድ ላይ ይገጥማሉ ማለት ነው። ምራቅ ከምራቅ፣ የጭራ ሥር ቀዳዳ ከጭራ ሥር ቀዳዳ በሚነካካበት ጊዜ ምንም ዓይነት ፀረ ተሕዋስያን መሐል ሊገባ አይችልም። ሥራው ሁሉ ያለቀው ከመገናኘታቸው በፊት መሆን አለበት።

በስብስብ ውስጥ በሽታ የሚሄድበት ዋናው መንገድ ደግሞ ከሴት ወደ ሴት የሚዞረው ወንድ ነው። ስድስት ሴቶች በስድስት የተለያዩ ሳጥኖች ሲኖሩ በመካከላቸው ቢያንስ ግድግዳ አለ፤ አንድ ወንድ ሲዞራቸው ግን ሰባቱም እንደ አንድ ሳጥን ነዋሪ ይቆጠራሉ። እሱ ቢያዝ በአንድ ወቅት ስድስቱንም ሊያስይዛቸው ይችላል። ከሴቶቹ አንዷ ብትያዝም ወደ እሱ፣ ከእሱም ወደ ቀሩት አምስት ይሄዳል። ሁለት ወንዶች ኖረው እያንዳንዳቸው ለሦስት ሴቶች ብቻ ቢመደቡና ፈጽሞ ባይቀላቀሉ ግን የከፋው ጉዳት በአራት እባቦች ላይ ይቆማል። ብዙ አርቢ ይህን ሕግ የሚጥሰው በወቅቱ ማብቂያ ላይ ነው። አንዷ ሴት አልያዘችም ብሎ «ለማረጋገጥ» የሌላውን ቡድን ወንድ ይጨምርላታል፤ በዚያች አንድ ቀን ሁለቱ ቡድኖች አንድ ይሆናሉ፣ አደጋውም ከአራት ወደ ስምንት ያድጋል። ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ በወረቀት ይጻፉ። ችግር ሲፈጠር የት ድረስ እንደደረሰ የሚነግርዎ ይህ መዝገብ ብቻ ነው።

በሴቶቹ መካከል የሚሰጡት የሦስት ቀን ልዩነትም ቢሆን ወንዱን አያነጻውም። ቫይረሱ ጉሮሮው ውስጥ የሰፈረበት እባብ ሦስት ቀን ቢያርፍ ሦስት ሳምንትም ቢያርፍ ያው ተሸካሚ ነው። በሁለት ግንኙነቶች መካከል ጊዜ የሚሰጠው ምልክት ለመጠባበቅ ነው፣ ለዚያም ሦስት ቀን አይበቃም፤ በሰርፐንቶቫይረስ አዲስ የተያዘ ፓይተን የአፍ መቅላትና ንፍጥ የሚያሳየው፣ የሚያሳይ ከሆነ፣ ከሳምንታት በኋላ ነው። በአንድ ቡድን ውስጥም ቢሆን ቢያንስ 14 ቀን ልዩነት ያድርጉ።

ለይቶ ማቆየትን በተመለከተ 30 ቀን የተለመደ ቢሆንም አጭር ነው። ለማንኛውም አዲስ እባብ ዝቅተኛው 90 ቀን ነው። ለፓይተንና ለቦአ፣ በተለይ ከተቀላቀለ ስብስብ ለመጣ፣ 180 ቀን እመክራለሁ። ቦታው የተለየ ሳጥን ብቻ ሳይሆን የተለየ ክፍል መሆን አለበት፤ ከአንድ ሳጥን ወጥታ ግድግዳ ላይ የምትሄድ ተባይ፣ ከአፍ የሚረጭ ጠብታና የአርቢው እጅ የሳጥን ክዳን አያግዳቸውም። ለይቶ ማቆያው የራሱ መንጠቆ፣ መቆንጠጫ፣ የውሃ ሳሕንና የጽዳት ጨርቅ ይኑረው፤ አንዱም ወደ ዋናው ክፍል አይመለስ። ንጣፉ ነጭ ወረቀት ይሁን፤ ደም፣ ትውከት፣ ያልተለመደ ዐይነ ምድርና ተባይ ወዲያው ይታይበታል። በቀኑ ሥራ ለይቶ ማቆያው የሚጎበኘው መጨረሻ ላይ ነው። ከወጡ በኋላ እጅዎን ሳይታጠቡና ልብስ ሳይቀይሩ ወደ ሌሎቹ አይመለሱ። በመካከሉ አዲስ እባብ ከገባ፣ ተባይ ከታየ ወይም ምልክት ካሳየ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ይህኛው ደንብ ሰውን ያስመርራል፣ ነገር ግን ያለ እሱ የተቀሩት ቀናት ትርጉም የላቸውም።

ቀን መቁጠር ብቻውን ዝምተኛ ተሸካሚን አያጋልጥም፤ የሚያጋልጠው ምርመራ ነው። ለሰርፐንቶቫይረስ የሚደረገው የቫይረሱን ዘረ መል አባዝቶ የሚለየው የፒሲአር ምርመራ ሲሆን፣ ናሙናው የሚወሰደው ከአፍ ውስጥ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ በላንቃ ላይ ከሚከፈትበት ስንጥቅና ከምግብ ቧንቧው መግቢያ ነው። የናሙና መውሰጃው ዘንግ ፕላስቲክ፣ ጫፉም ሰው ሠራሽ ቃጫ ይሁን፤ የእንጨት ዘንግ ምርመራውን ሊያውከው ይችላል። ጫፉን ለሰከንዶች እያሽከረከሩ ያሹታል። ከዚያ በደረቅ ንጹሕ ቱቦ ውስጥ አሽገው በቅዝቃዜ ወደ ላቦራቶሪ ይልኩታል። ለእያንዳንዱ እባብ አዲስ ጓንት ያድርጉ። የአንዱ ምራቅ የሌላውን ናሙና ከነካው ነፃ የነበረው ተይዟል ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ለሬፕታሬናቫይረስ የአፍ ናሙና ብቻውን አይበቃም፤ ደምም ያስፈልጋል። ደሙ ከጭራ ሥር ወይም ከልብ የሚቀዳ ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ከዚያው ደም ላይ በመስታወት ተቀብቶ የሚታይ ናሙናም ቢሠራ ጥሩ ነው፤ በሽታው ስሙን ያገኘባቸው የተጠራቀሙ እብጠቶች በደም ሕዋሳት ውስጥ ሊታዩ ይችላሉና።

አንድ «ነፃ ነው» የሚል ውጤት ግን ነፃነት አይደለም። ቫይረሱ በየቀኑ እኩል አይረጭም፣ በቅርቡ የተያዘ እንስሳም ገና ላይታወቅበት ይችላል። የመጀመሪያው ምርመራ ሲገባ፣ ሁለተኛው ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደረግ። ሁለቱም ነፃ ካሉና በመካከላቸው ሌላ እባብ ካልነካው ብቻ እመኑት እላለሁ። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል የብዙ እባቦችን ናሙና በአንድ ቱቦ መቀላቀል አለ። ትንሽ ቫይረስ ያለበት እባብ በሌሎቹ ናሙና ተበርዞ ሊያመልጥ ስለሚችል ለርቢ ውሳኔ አልመክረውም። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ወንዱን ያስቀድሙ፤ የሚዞረው እሱ ነው።

ቫይረሶቹ ይህን ያህል ቦታ ቢወስዱም ሌላ የማይናቅ ጠላት አለ፦ ክሪፕቶስፖሪዲየም። በእባብ ጨጓራ ውስጥ የሚራባ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ምልክቱ ምግብን ከበላ ከጥቂት ቀን በኋላ ማስመለስ፣ ከሰውነቱ መሐል ላይ ጠንካራ እብጠትና መክሳት ነው። በበቆሎ እባብና በመሰሎቹ ላይ ይበልጥ ቢታወቅም ፓይተንም አይምርም። በዐይነ ምድር የሚወጡት ቅንጣቶቹ በረኪናን ይቋቋማሉ፤ ብዙ ሰው በሽታውን ከሳጥን ሳጥን የሚያዛውረው ይህን ባለማወቅ ነው። ቅንጣቶቹም በየጊዜው እየቆራረጡ ስለሚወጡ አንድ ንጹሕ የዐይነ ምድር ምርመራ አያዝናናም። አስተማማኝ ፈውስ የለውም። የሚያስመልስ እባብ ደግሞ በምንም ሁኔታ ለርቢ አይታሰብም።

ፌርላቫይረስ የሚባል ሌላ ቫይረስም እ.ኤ.አ. በ1972 በስዊዘርላንድ በአንድ የእባብ ማራቢያ ውስጥ ከተነሣው ወረርሽኝ ጀምሮ ይታወቃል፤ እሱም ሳንባንና ነርቭን ያጠቃል፣ በአፍና በጭራ ሥር ናሙና በፒሲአር ይለያል። ቅርፊት ላይ ቡናማ እከክና ቁስል የሚያወጣው የእባብ ፈንገስ በመነካካት ይተላለፋል፤ ቆዳው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያለበትን እባብ ምርመራው ሳይደርስ አያገናኙ። ቤትዎ ኤሊ ካለ ደግሞ መሣሪያውና ውሃው ከእባቦቹ ፈጽሞ ይለይ። ኤሊ ያለ ምንም ምልክት የሚሸከመው ኢንታሚባ ኢንቬደንስ የሚባል አሜባ የእባብን አንጀት አቁስሎ ይገድላል።

አንቲባዮቲኩን ይተዉት። ቫይረስን አይነካም፣ ጥገኛ ተሕዋስንም አያጠፋም። ያለ በሽታ የሚወጋ አንቲባዮቲክ በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች በተለይ ውሃ ያጠረውን እባብ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ከርቢ በፊት ደግሞ ወንዱ ለመጾም የሚዘጋጅበት ጊዜ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ምልክቱን ለጊዜው መሸፈኑ ነው። በለይቶ ማቆያ ውስጥ ሊታይ የሚገባው ንፍጥ ሳይታይ ያልፋል፣ እርስዎም ጤነኛ ነው ብለው ያገናኙታል። የአዮዲን እጥበቱም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ቆዳን ያጸዳል፣ ጉሮሮ ውስጥ አይገባም።

ፀረ ተሕዋስያን ቦታው ሳጥን፣ ሳሕንና መሣሪያ ላይ ነው። እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ፦ ሰርፐንቶቫይረስም ሬፕታሬናቫይረስም ፌርላቫይረስም በስብ ሽፋን የተጠቀለሉ ቫይረሶች ስለሆኑ በሳሙና፣ በ70 በመቶ አልኮልና በበረኪና በቀላሉ ይጠፋሉ። ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው። በረኪና ቆሻሻ ባለበት ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትጎ ማጠብ፣ ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር የቤት በረኪና በ900 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጦ መቀባት፣ ሳይደርቅ 10 ደቂቃ ማቆየት፣ ሽታው እስኪጠፋ ማለቅለቅና ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ነው። ብጥብጡ በየቀኑ አዲስ ይሠራ። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰውንም እባብንም ይገድላል። የጥድ ሽታ ያላቸውና ፊኖል ያለባቸው የወለል ማጽጃዎች ለእባብ መርዝ ስለሆኑ ቤቱ ውስጥ አይግቡ። ክሪፕቶስፖሪዲየም ከተጠረጠረ በረኪናውን ትተው ከ65 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቅ ውሃ ወይም እንፋሎት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ ይህን የማይችለውን ዕቃ ይጣሉት። የዓምናዋ ሴት ሳጥን ፕላስቲክ ወይም መስታወት ከሆነ እንዲህ ታጥቦ ያገለግላል። እንጨት ከሆነ ግን ፈሳሽ የሚመጥ በመሆኑ ይወገድ። አሁን በውስጡ ያለው እባብም በመጀመሪያ ከሚመረመሩት አንዱ ይሁን።

ማይት የምትባለውን ደም መጣጭ ተባይ ለብቻዋ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ደም እየመጠጠች ከእባብ ወደ እባብ ስለምትሄድ ሬፕታሬናቫይረስን በማዛመት ትጠረጠራለች። ጥቁር ነቁጥ የምታህል ሆና በዓይን ዙሪያ፣ በአገጭ ሥር ባለው ስንጥቅ፣ በውሃ ሳሕን ውስጥ ሰጥማ ትገኛለች። እባቡ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ መዋል ከጀመረ ይጠርጥሩ። እንቁላሏን የምትጥለው ከእባቡ ላይ ወርዳ በሳጥኑ ስንጥቆች ውስጥ ነው፤ በሞቃት ክፍልም ከእንቁላል እስከ ሙሉ ተባይ የሚፈጀው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። እባቡን ብቻ የሚያክም ሰው ሁልጊዜ የሚሸነፈው በዚህ ነው። ሕክምናው ሳጥኑንና ክፍሉን ጨምሮ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቀጥል፣ መድኃኒቱን ሐኪም ይምረጠው። አይቨርሜክቲን የሚባለው ፀረ ተባይ መድኃኒት ኤሊን እንደሚገድል፣ ለአንዳንድ እባቦችም እንደሚከብድ ሐኪሙን አስታውሱት። አንድ ተባይ እስካለች ድረስ ግንኙነት የለም።

ሁሉም ነፃ ሆነው ወቅቱ ሲጀመር ሥራው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ግንኙነት በፊት ሁለቱንም ይመዝኑ፣ በቀጭን ፕላስቲክ ካርድ አፋቸውን ቀስ አድርገው ከፍተው ይመልከቱ። ድዱ ፈዛዛ ሮዝ፣ ምራቁ ቀጭንና ጥርት ያለ መሆን አለበት። ቅላት፣ አረፋ፣ እንደ ክር የሚሳብ ምራቅ ወይም የሚያፏጭ ትንፋሽ ካለ የዚያ ቀን ግንኙነት ይሰረዛል፣ እባቡም ይለያል። ሴቷ በራሷ ሳጥን ትቆይ፣ ወንዱ ወደ እሷ ይሂድ፤ ንጣፉ አስቀድሞ በወረቀት ይተካ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃል። አብረው ሳሉ አይመገቡ። ሲለያዩ ወረቀቱ ይጣል፣ ሳሕኑ በበረኪና ይታጠብ፣ ጓንት ይቀየር። ወንዱ ከወቅቱ መጀመሪያ ክብደቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ሥራው አብቅቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚገፋ ወንድ ለማንኛውም በሽታ በሩን ይከፍታል። ጾታ ለመለየት የሚገባ ዘንግ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይመከን አይሂድ። አንዱ እባብ አልበላም ያለውን አይጥ ለሌላው አይስጡ፤ የመጀመሪያው ምራቅ አብሮት ይሄዳልና። ይህ በጣም የተለመደና በጣም የሚረሳ ስሕተት ነው።

እንቁላሎቹ በተጣሉበት ቀን ከእናታቸው ተወስደው፣ ሳይገለበጡ፣ ሳይታጠቡ፣ የየእናታቸው ለየብቻ በሳጥን ይቀመጡ፤ በ31 እና 32 ዲግሪ መካከል ከ55 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ። ግልገሎቹ ሲወጡ የአንዷ ልጆች ከሌላዋ ልጆች ጋር አይቀላቀሉ። በየቀኑ ሥራ መጀመሪያ የሚጎበኙት እነሱ ናቸው። እንቁላልን ቶሎ መለየት ከእናት ምራቅና ዐይነ ምድር የሚመጣውን ይቀንሳል። የሬፕታሬናቫይረስን ግን አያስቆምም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በቦአዎች ላይ የወጣ ጥናት ቫይረሱ ከእናትም ከአባትም ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አሳይቷል። በዚህ ቫይረስ የተያዘ ወላጅ በምንም ዘዴ ንጹሕ ልጅ ይሰጠኛል ብለው አያራቡት።

አሁን ባሉት ሰባት ላይ ምርመራው አንድ ወይም ሁለት ተይዘው ቢያገኝስ? ውጤቱን ለማረጋገጥ አንዴ ይደገም። ከተረጋገጠ ያ እባብ አይራባም፣ አይሸጥም፣ በውሰት አይሰጥም፣ በሌላ ክፍል ለብቻው ተይዞ መጨረሻ ላይ ይጎበኛል። መሞት አለበት ማለት አይደለም፤ የሚሠቃይ ከሆነ ወይም የተለየ ክፍል ከሌለ ከሐኪም ጋር ተነጋግረው ይወስናሉ። የቀሩት ነፃ ቢባሉም በዚህ ዓመት ርቢ አይኑር፤ ከ90 ቀን በኋላ እንደገና ይመርመሩ። እባብ ቢሞት ደግሞ ሬሳውን በተራ ማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ ላይ ያቆዩት እንጂ በረዶ እንዲሆን አያድርጉት። በረዶ ሥጋውን ስለሚያበላሸው በማይክሮስኮፕ ለማየት ያስቸግራል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ላቦራቶሪ ያድርሱት። ዓምና ይህ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ግማሹ ጥያቄ መልስ ነበረው።

ያንን ብርቅ ቀለም የግድ ከፈለጉ ከውሰት ይልቅ ግዥ ይሻላል። የተዋሱት እባብ በቀጠሮ ተመላሽ ስለሆነ 180 ቀን ለመጠበቅ ጊዜ አይሰጥዎትም፣ ሲመለስም ከእርስዎ ቤት ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ግልገል ወንድ ገዝተው በለይቶ ማቆያ ሁለቴ አስመርምረው ቢያሳድጉት ለርቢ እስኪደርስ የሚጠብቁት ጊዜ ራሱ የመለያ ጊዜው ይሆናል። ባለቤቱ አልሸጥም ካለና ውሰቱን ካልተዉት ቅድመ ሁኔታዎቹ እነዚህ ናቸው፦ የእርስዎ ሰባት መጀመሪያ ነፃ ይሁኑ። ወንዱ ከመምጣቱ በፊት በአፍ ናሙናና በደም ለሁለቱም ቫይረሶች ይመርመር፣ በተለየ ክፍል ቢያንስ 90 ቀን ይቆይ፣ ከዚያ እንደገና ይመርመር። ከአንዲት ሴት ጋር ብቻ ይገናኝ፤ ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ ለ90 ቀን እንደ አዲስ እባብ ተለይታ ትቆይ፣ በመጨረሻም ትመርመር። በዚያው ወቅት ባለቤቱ ለሌላ ሰው ያዋሰው ከሆነ ቆጠራው ፈርሷልና አይቀበሉት።